ከሉባንጃ እስከ ቤንዚን

ቃላት እንደ ሰው ይሰደዳሉ። ስም ለውጠው፣ ዘር ረስተው፣ በማያውቁት አገር ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። ከእነዚህ ስደተኞች ሁለቱ እዚህ አዳማ፣ በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሳያውቁ ሲተያዩ ይውላሉ። አንደኛው በገበያው ከእጣኑና ከከርቤው ጎን ተዘርግቶ የሚሸጠው ሉባንጃ ነው። ሁለተኛው በጅቡቲ መንገድ በቦቴ ተጭኖ መጥቶ ከማደያው የሚቀዳው ቤንዚን ነው። አንዱን እሳት ላይ የምንጨምረው ቤታችን እንዲሸት ነው፤ ሌላውን እሳት እንዳይጠጋው እንጮኽለታለን። አያታቸው ግን አንድ ነው። የለያያቸውም አንድ ኬሚስት ከመቶ ዘጠና ዓመት በፊት ምድጃ ላይ የሠራው ሥራ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ሥራ ነው፤ ግጥም ጠብቆ የመጣውን አንባቢ ይቅርታ እየጠየቅሁ።

የአረብ ነጋዴዎች ከሱማትራ የሚመጣውን መዓዛማ የዛፍ ሙጫ «ሉባን ጃዊ» ይሉት ነበር፤ የጃዋ እጣን ማለታቸው ነው። በዚያ ዘመን አጠራር ጃዋ ሱማትራንም ያጠቃልል ነበር። እኛ ሉባንጃ የምንለው የዚህ ስም ልጅ ነው፤ ዛሬ በየገበያው በዚህ ስም የሚሸጠው ሙጫ ሁሉ ከዚያ ደሴት ባይመጣም። አውሮፓውያን ቃሉን ሲቀበሉ ከፊቱ ያለችውን «ሉ» በቋንቋቸው ከስም በፊት የምትቀመጥ ትንሽ ቃል መሰለቻቸውና ቆርጠው ጣሏት። የቀረው አካል ከአፍ ወደ አፍ ሲንከባለል «ቤንዞይን» ሆነ። ሙጫው ሲሞቅ የሚተን፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ነጭ መርፌ የሚረጋ ነገር ይገኝበታል፤ እርሱን ቤንዞይክ አሲድ አሉት።

እ.ኤ.አ. በ1833 የበርሊኑ ኬሚስት አይልሃርድ ሚቸርሊኽ ይህን አሲድ ከኖራ ጋር ደባልቆ አጋለው። የወጣው ተን ሲቀዘቅዝ ጥርት ያለ፣ ከውሃ ጋር የማይስማማ፣ ለእሳት የሚቸኩል ፈሳሽ ሆነ። ማይክል ፋራዴይ ከ8 ዓመት በፊት፣ በ1825፣ ለመብራት ከሚሆን ጋዝ በተረፈ ፈሳሽ ውስጥ ያገኘው ራሱ ነበር። ሚቸርሊኽ ግን ፈሳሹን ያገኘው በሉባንጃው ወገን ነውና በእናቱ ስም ጠርቶ «ቤንዚን» አለው። ስሙ ለሌላው ጀርመናዊ ለዩስቱስ ሊቢኽ አልጣመውም፤ «ቤንዞል» ይባል አለ። ባለቤት ያጣው «ቤንዚን» ውሎ አድሮ ከድፍድፍ ነዳጅ ለሚወጣው ቀላል ፈሳሽ ተሰጠ፤ በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል ዞሮም እኛ ማደያ ደረሰ። እንዳንምታታ፣ ከዚህ በኋላ የማደያውን ቤንዚን፣ የሚቸርሊኽን ደግሞ ሊቢኽ እንዳለው ቤንዞል እላለሁ።

እሳቱ ላይ የሆነው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ስድስት ካርቦኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀለበት ሠርተዋል እንበል። ቤንዞይክ አሲድ ይህ ቀለበት ሆኖ በአንድ ጎኑ እጀታ የተተከለለት ነው። እጀታው አንድ ካርቦን፣ ሁለት ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን አለው፤ ኬሚስቶች ካርቦክሲል ይሉታል። በእሳትና በኖራ ጉልበት እጀታው ይነቀላል። ካርቦኑና ሁለቱ ኦክስጅኖች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነው ይሄዳሉ፤ የቀረው ሃይድሮጅን በተነቀለው ቦታ ይተካል፤ ባዶው ቀለበት ቤንዞል ይሆናል። ስንብቱን ዲካርቦክሲሌሽን ብለው ሰይመውታል። ለግጥም የሚመች ቃል አይደለም። ሞክሬዋለሁ፤ ቤት አይመታም።

ቤት ባይመታም ሂሳቡ ግን ይዘጋል። እኔ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ተቀምጬ ወጪና ገቢ የማስታርቅ ሰው ነኝና ይህ ደስ ይለኛል። 122 ግራም ቤንዞይክ አሲድ ይገባል፤ 78 ግራም ቤንዞልና 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ሳንቲም አይጎድልም። ሌላ ዓይነት አሲድም ብታስገቡ የቀሪው ክብደት ይለያያል እንጂ በአንድ እጀታ የሚሄደው ምንጊዜም ያው 44 ነው። (44 ሲባል የጎንደር ታቦታት ትዝ የሚሉት አንባቢ ብቻውን አይደለም።)

ይህን ቤተሰብ ኬሚስቶች «አሮማቲክ» ይሉታል፤ ባለ መዓዛ እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ የታወቁት አባላቱ እንደ ሉባንጃ ካሉ ሽቶዎች ስለ ወጡ ነው ስሙን ያገኙት። ዛሬ ቃሉ የቀለበቱን ጠባይ ያመለክታል እንጂ ለአፍንጫ የሚነግረው ነገር የለውም፤ ከአሮማቲኮቹ ብዙዎቹ ጨርሶ አይሸቱም። መዓዛው ጠፍቶ ስሙ ቀረ። ከዚህ የበለጠ የቅኔ ነገር ከየት ይመጣል?

የአሥራ አንደኛ ክፍል መምህራችን ይህን ሁሉ በጠመኔ ነበር ያስተማረን። ሶዲየም ቤንዞኤት ከሶዳ ላይም ጋር ሲሞቅ ቤንዞል ይሰጣል ብሎ ጻፈ፤ እኛም ገለበጥን፤ ማታ ሸመደድን። ሶዳ ላይም ኮስቲክ ሶዳና ኖራ ተደባልቀው የሚገኝ ነገር መሆኑን እንጂ መልኩን አናውቅም። የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለሥራ ወደ ባቱ ተዛውሬ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ስመላለስ ነው። ከሞጆ ወደ መቂ፣ ከመቂ ወደ ባቱ፣ ከዚያም በቡልቡላ አልፎ ወደ አርሲ ነገሌ ሲወረድ በስተ ቀኝ የአቢጃታ ሐይቅ አለ። ውሃው ባለፉት አሥርት ዓመታት ክፉኛ ሸሽቷል፤ በለቀቀውም ቦታ የጨው መሳይ ነጭ ነገር ሜዳውን አልብሶታል። የዚህ ነጭ ዋና አካል ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ከሐይቁ ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካ ዳርቻው ላይ ተተክሏል፤ ሶዳ አሹን ወደ ኮስቲክ ሶዳ የሚለውጥም በባቱ፣ ያኔ ዝዋይ በተባለው ከተማ፣ ተቋቁሞ ነበር። የመምህሬ ጠመኔ የጻፈው ሶዳ ለካ ከቤታችን የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።

ከሁሉ የገረመኝ የ44ቱ መድረሻ ነው። ሚቸርሊኽ ባጋለው ኖራ ላይ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኖራው ተይዞ የኖራ ድንጋይ ይሆናል፤ በሶዳ ላይሙ ግን ሶዲየም ካርቦኔት ሆኖ ይረጋል። ይኸውም አቢጃታ ዳር ንፋስ ሲያነሣው ዓይን የሚያቃጥለው ነጭ ነው። ተሰናባቹ የሚያርፍበትን አገር በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ቤት ልመለስ። ቤንዞይክ አሲድ ግትር ነው። ብቻውን ብታሞቁት በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል እንጂ እጀታውን በቀላሉ አይለቅም። ሉባንጃ ከሰል ላይ ሲጨመር ከሚነሣው ጢስ ውስጥ ቤንዞይክ አሲዱ በአመዛኙ ከነእጀታው፣ ከነሙሉ አካሉ የሚበር ነው። ከማጨሻው ጎን በተቀመጠው የቡና መቁያ ላይ ግን ሌላ ታሪክ ይሠራል።

ጥሬ የአረቢካ ቡና ከክብደቱ ከመቶ ከ5 እስከ 8 እጅ የሚሆነው ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ቤተሰብ ነው። ስሙ ክሎሪን ያለበት ያስመስለዋል፤ የለበትም፤ በግሪክኛ አረንጓዴ የሚያወጣ ማለት ነው። መቁያው ግሎ ፍሬው ሁለት መቶ ዲግሪን ሲያልፍ ይህ አሲድ ይፈርሳል። ከፍርስራሹ ካፌይክ አሲድና የእርሱ ወንድም ፌሩሊክ አሲድ ይወጣሉ። እነዚህም ቀለበትና እጀታ አላቸው፤ ልዩነታቸው እጀታው በቀጥታ ቀለበቱ ላይ ሳይሆን በሁለት ካርቦን ድልድይ መንጠልጠሉ ነው። ከቀለበቱ ማዶ፣ ልክ ከድልድዩ ትይዩ፣ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥማድ ተቀምጧል። ይህ ጥማድ ኤሌክትሮኑን በቀለበቱ ውስጥ አሻግሮ ወደ ድልድዩ ይገፋል፤ በዚህ እገዛ እጀታው የቤንዞይክ አሲዱን ያህል ሳይታገል ይለቃል። 44ቱ ይሄዳል። ከፌሩሊክ አሲድ የሚቀረው ባለ 150ው ቅሪት ቪኒል ጓያኮል ይባላል፤ ሽታው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ከእርሱ ደግሞ ጢስ ጢስ የሚለው ጓያኮልና ጥቂት ቫኒሊን ይወለዳሉ። ከካፌይክ አሲድ የሚቀረው ግን መልካም ዕድል የለውም፤ እሳቱ ሲበዛበት እርስ በርሱ ይጣበቅና መራራ ይሆናል። ጀርመን አገር ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳተሙት፣ ከመጠን በላይ የተቆላ ቡና ምላስ ላይ የሚቆይ ሸካራ ምሬት ከእነዚህ ጥብቆች ይመጣል። የቡና መዓዛ ከብዙ መቶ ውህዶች የሚሸመን ስለሆነ ሁሉንም ለዚህ ስንብት መስጠት ውሸት ይሆናል፤ ያ የቅርንፉድና የጢስ ጠርዝ ግን የእርሱ ነው። (እርሾም ይህንኑ ሥራ ያለ እሳት ይሠራዋል። የጀርመኖች የስንዴ ቢራ ቅርንፉድ የሚሸተው እርሾው ከፌሩሊክ አሲድ ላይ እጀታውን ስለሚነቅል ነው።)

እናቴ ከቤታችን ደጃፍ የጀበና ቡና ትሸጣለች። ከአርሲ የመጡት ጎረቤታችን ፍሬውን ሳይወቅጡ በቅቤ አቁላልተው ያቀርባሉ፤ ቡና ቀላ ይሉታል፤ የታረደ ቡና ማለት ነው። እናቴ ግን በቆላችው ቡና የምትምል ሴት ናት። ሲቆላ ሰዓት አታይም ነበር፤ ዓይኗም ከደንበኛ ጋር ወሬ ላይ ነው። ድንገት ከወሬዋ መሐል እጇን ዘርግታ መቁያውን ታወርዳለች። «አሁን ነው» ትላለች። አንድም ቀን ስታሳልፈው አላየሁም። ቡና በአፍንጫ ነው የሚቆላ፣ ዓይን ይዋሻል፣ ትል ነበር።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ኮሮና ቤታችን ገባ። ሁላችንም ታመን ተነሣን፤ እርሷም ተነሣች፤ ማሽተቷ ግን አልተነሣም። ለወራት ጠበቅን። ሐኪሞቹ ይመለሳል አሉ፤ ለብዙዎች ተመልሷል፤ ለእርሷ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ጊዜ አሳረረች። ደንበኞቿ «እትዬ፣ ዛሬ ጠንከር ብሏል» ብለው በትሕትና ጠጡት። ከዚያ በኋላ ወሬዋን ትታ መቁያው ላይ አጎንብሳ ትቆላ ጀመር፤ ቀለሙን እያየች፣ ፍሬው ሲንጣጣ እየቆጠረች። ቡናው እንደ ድሮው ጥሩ ነው። እርሷ ግን የተቆላውን ቡና ለእንግዶች በየተራ ስታዞር፣ እነርሱ ጢሱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው እየሳቡ ሲመርቋት፣ ሳሎኑ በር ላይ ቆማ ግድግዳ ታያለች።

ስለ ቡናና ስለ አሲድ ማንበብ የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። ቢ.ኤ.ዬን የያዝሁት በአካውንቲንግ ነውና ንባቤ የጎበዝ ተማሪ አልነበረም፤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ እያነበብሁ ነው የገፋሁት። አንድ እሑድ ከሰዓት ቶናው ተቀድቶ ስንጠጣ ለእናቴ ስለ እጀታው ነገርኋት። በሲኒና በሲኒ ጆሮ አሳየኋት። በጥሞና ሰማችኝና እንዲህ አለች፦

«ታዲያ የሚሸተው የሄደው ነው ወይስ የቀረው?»

መምህሬም፣ መጽሐፎቹም ይህን ጥያቄ እንዲህ አላቀረቡትም። የሄደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሽታ የለውም። የሚሸተው የቀረው ነው። እጀታው እያለ አሲዶቹ በእጀታቸው እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚከብዱ መብረር አይችሉም፤ አፍንጫ ደግሞ የሚያውቀው የሚበረውን ብቻ ነው። እጀታው ሲሄድ ቀሪው ይቀልና ይነሣል። ይህንኑ ነገርኋት።

«እንግዲያው ሽታው አለ ማለት ነው» አለች ሲኒዋን እያስቀመጠች። «እኔ ነኝ የሌለሁት።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በረካውን ቀዳች።

ስለ እጀታው ሌላ የማውቀው ነገር አለ፤ የበለጠ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። እጀታ ያለው ነገር ለመያዝ ይመቻል፤ ሰውነታችንም ይህን ያውቃል። ቤንዞይክ አሲድ ወደ ሆድ ሲገባ ጉበት በእጀታው ይዞ ግላይሲን ከምትባል ትንሽ ነገር ጋር ያጋባዋል፤ ጥንዶቹም ሂፑሪክ አሲድ ተብለው በሰዓታት ውስጥ በሽንት ይወጣሉ። ስሙን ያወጣው ያው ሊቢኽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1829 ከፈረስ ሽንት አግኝቶት «የፈረስ ሽንት አሲድ» አለው። በግሪክኛ ሲሆን ያምራል። ሣር የሚበላ ፈረስ በሆዱ ያሉ ተህዋስያን ከሣሩ ቤንዞይክ አሲድ ስለሚያወጡለት ሲያስወግደው ይኖራል። ቡና ጠጪ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ከክሎሮጀኒክ አሲዱ ከፊሉ በዚሁ መንገድ አልፎ ይወጣል። አዳማ የጋሪ ከተማ ናት፤ ባጃጅ መጥቶ ከዋናው መንገድ ቢገፋቸውም ጋሪዎቿ በየሰፈሩ አሉ። ፈረሱ ቆሞ መንገዱን ሲያረጥብ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሊቢኽን አስበዋለሁ፤ ፈረሱ የሉባንጃውን አሲድ በእጀታው ይዞ ሲያስወጣ ነው የማየው።

እጀታው የተነቀለው ቤንዞል ግን መያዣ የለውም። ጉበት ቢፈልግ ቢፈልግ የሚጨብጠው ስለሚያጣ ቀለበቱን ራሱን በኦክስጅን ይሰብረዋል። ከዚያ የሚወለዱት ነገሮች ወደ አጥንት መቅኔ፣ ደም ወደሚሠራበት ቦታ፣ ይደርሱና ያበላሹታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቤንዞልን በሰው ላይ ካንሰር ማስከተላቸው ከተረጋገጠው፣ ከ1ኛው ምድብ፣ አስቀምጦታል፤ የሚታወቅበትም የደም ካንሰር ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ አንዱ ለምግብ ማቆያ የሚጨመር፣ ሌላው መቅኔ የሚያደርቅ። በመካከላቸው ያለው ያቺ 44 ናት።

ማቆያ ካልሁ አይቀር የለስላሳውን ነገር ልንካው። በብዙ የለስላሳ ጠርሙሶች ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ሶዲየም ቤንዞኤት የዚሁ አሲድ ጨው ነው፤ ሻጋታና እርሾ ይከላከላል። ብቻውን ሲሆን በጠርሙስ ውስጥ እጀታውን አጥብቆ እንደያዘ ይቀመጣል። አብሮት ቫይታሚን ሲ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። በውሃው ውስጥ ያለች ቅንጣት ብረት ወይም መዳብ፣ ኦክስጅንና ቫይታሚን ሲ ተጋግዘው እጅግ ተንኳሽ ነገር ይፈጥራሉ፤ እርሱም የሚቸርሊኽ ምድጃ የሠራውን ሥራ ያለ ምድጃ ይሠራዋል። ሙቀትና ብርሃን ያፋጥኑታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይህን እ.ኤ.አ. በ1990 ሰምቷል፤ በ2006 ጉዳዩ እንደገና ሲነሣ በእንግሊዝ አገር አራት ዓይነት መጠጦች ከገበያ ተሰብስበዋል። የሚገኘው መጠን ብዙውን ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ሲሆን አብዛኞቹ ከዚያ በታች ናቸው። ሰው ለስላሳ ጠጥቶ ይታመማል እያልሁ አይደለም። በአዳማ የሚያዝያ ፀሐይ ሳጥኖቹን ከሱቁ ደጅ ደርድሮ የሚያውለውን ባለ ሱቅ ሳይ ግን ጥላ ውስጥ ቢያገባቸው እላለሁ፤ ጥላ ገንዘብ አያስወጣም።

የማስበው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ባጃጅ ይነዳል። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን፣ ማደያው ሰልፉ ከአስፋልቱ አልፎ ሲዞር፣ ከሰው በጀሪካንና በሃይላንድ ላስቲክ ይገዛል፤ ከጓደኛ ባጃጅም ይበደራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው በጎማ ቱቦ ነው፦ አንዱን ጫፍ ነዳጁ ውስጥ ነክሮ ሌላውን በአፉ ይስበዋል፤ ሲመጣለት ይተፋና ቱቦውን ይዘቀዝቃል። አንዳንዴ ይቀድመዋል። የተራው ልጆች ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ማን የበለጠ ቶሎ ይተፋል እየተባባሉም ይሳሳቃሉ። የማደያው ቤንዚን ከስሙ አያት ወገን ከሆነው ከቤንዞል የተወሰነ እጅ አለው፤ ቤንዞሉ እዚያ የገባው ከሉባንጃ ሳይሆን ከድፍድፉና ከማጣሪያው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከመቶ 1 እጅ እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ተደንግጓል። አንድ እጅም ቢሆን በየቀኑ በአፍና በአፍንጫ ሲገባ ሌላ ነገር ነው። ቤንዚኑ ራሱ ወደ ሳንባ ከገባ ደግሞ ዓመታት አይጠብቅም፤ ያን ዕለት ያሳምማል።

ድሮ ይህን የምትጠብቀው እናቴ ነበረች። ማታ ሲገባ ገና በሩን ሳያልፍ «ዛሬም ጠጣኸው?» ትለዋለች። ከልብሱ ሳይሆን ከትንፋሹ ነበር የምታውቀው። እራት ሳይቀርብ ወተት ታጠጣዋለች፤ ወተቱ እንደማይጠቅም አሁን አውቃለሁ፤ ቁጣዋ ግን ይጠቅም ነበር፤ ቁጣዋን ፈርቶ ስንት ቀን ከሰልፍ ነዳጅ ቀድቷል። ከመጋቢት 2013 ወዲህ በሩን ዝም ብሎ ያልፋል። ትስመዋለች፤ እራት ታቀርብለታለች። የሚሸት ነገር እንዳለ በቤታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ነገርሁት። ስለ ቀለበቱም፣ ስለ እጀታውም፣ ስለ መቅኔውም። እንደ እናቴ ጥሩ ጥያቄ አልጠየቀኝም። «ስድስት ዓመት ስስበው ምን ሆንኩ?» አለና ስልኩን አነሣ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ስለ መቅኔው እንዲያስብ መጠበቅም አስቸጋሪ ነው። በማግስቱ ከመለዋወጫ ሱቅ በእጅ እየተጨመቀ ነዳጅ የሚስብ የፕላስቲክ ፓምፕ ገዛሁ፤ በመሐሉ እንደ እንቁላል ያበጠ፣ ሁለት ቀጭን ቱቦ ያለው ዕቃ ነው። ምንም ሳልል ከባጃጁ የኋላ መቀመጫ ሥር አስቀመጥሁለት። ለሁለት ሳምንት ስለ እርሱ አልተነጋገርንም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ በባጃጅ ተራው በኩል አለፍሁ። ወንድሜ አልነበረም። ሁለት ልጆች ጀሪካን መሐላቸው አድርገው አጎንብሰዋል፤ አንደኛው የኔን ፓምፕ በሁለት እጁ እየጨመቀ «ይሄ ነገር ቀስ ይላል፣ ስጠኝ እኔ ልሳበው» ይለዋል፤ ሌላው «ተው፣ የሰው ነው፣ መልሶ ይቆጥረዋል» እያለ እጁን ይገፋዋል። ቱቦው ውስጥ ቤንዚኑ ቀስ እያለ ይወጣ ነበር።